ክርክር፦ መንግሥት የሞቱ ወታደሮችን ቁጥር ጦርነቱ ሳያልቅ ይናገር?

መምህርቷ፦
ነገሩን ያነሳሁት በዩክሬንና በሩሲያ ጦርነት ነው። የዩክሬኑ ፕሬዝዳንት ዜለንስኪ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ዓ.ም. 31 ሺህ ወታደሮች ሞተውብናል አለ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ 43 ሺህ አደረሰው። የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር ለመጨረሻ ጊዜ ጠቅላላ ቁጥር የሰጠው በሴፕቴምበር 2022 ነው፤ 5,937። ከዚያ ወዲህ ዝም። እኔ መነገር አለበት ባይ ነኝ። ልጁን የሰጠ ሕዝብ ስንቱ እንደቀረበት ማወቅ አለበት። እናንተስ?

ጡረተኛው ወታደር፦
እህቴ፣ ግንባር የዋለ ሰው እንዲህ አይልም። ጠላት አጥብቆ የሚፈልገው የሳሳ ቦታ ነው። ጠዋት ስንት ሰው እንደወደቀብህ ካወራህ ማታ እዚያው ይመጣብሃል። ምሽግ ውስጥ ያለው ልጅም ወኔው ይሰለባል። ያነሳሽው ዜለንስኪ ራሱ ፌብሩዋሪ ላይ የቆሰሉትን ቁጥር አልናገርም ብሎ ነበር። ለምን? ሩሲያ ስንት ሰው ከውጊያ እንደወጣ እንዳታውቅ ነው።

መምህርቷ፦
ጋሼ፣ የክፍሉን ስም ማን ጠየቀ? የጠቅላላው ድምር የአንድን ምሽግ ቦታ አያሳይም። ደግሞ ዝምታው የሸሸገው ነገር የለም። ሜዲያዞና የሚባለው የሩሲያ ሚዲያ ከቢቢሲ ሩሲያኛ ክፍል ጋር ሆኖ ይቆጥራል። የአካባቢ ጋዜጣ ላይ የወጣ የሐዘን መግለጫ፣ ዘመድ የለጠፈው ፎቶ፣ አዲስ የተቆፈረ መቃብር፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ይለቅማሉ። በ2025 በስም የተረጋገጡት ብቻ ከ100 ሺህ አልፈዋል።

የአራት ኪሎው፦
እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የዩክሬን ጦር በየቀኑ የሩሲያን ኪሳራ ያወጣል። ታንክ ይህን ያህል፣ መድፍ ይህን ያህል፣ ሰው ይህን ያህል። ሰው ከብረት ጋር አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ! ሥሩ የሚጻፈውን አስተያየት አንብቡ፤ ልክ ኳስ እንደገባ ጭብጨባ ነው። በሩሲያ ደጋፊዎች መንደርም የሞተ ዩክሬናዊ ቪዲዮ እየተለጠፈ ይሳቅበታል። ሬሳ ላይ መሳቅ ነውር ነው። የማንም ሬሳ ይሁን።

ከሃይፋ፦
እኔ ካለሁበት ልናገር። እስራኤል ውስጥ የወደቀ ወታደር ስም ይወጣል፤ ቤተሰቡ ሳይረዳ ግን አይወጣም። ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች መጥተው በር ያንኳኳሉ። በጃንዋሪ 2024 ጋዛ ውስጥ በአንድ ጊዜ 21 ወታደሮች ሞቱ። በማግስቱ አገሩ ሁሉ አወቀ። ጦሩ አልፈረሰም።
ከእኛ ማኅበረሰብም ልጆች ወድቀዋል። ዕብራይስጥ የማይገባቸው እናቶች አሉን። አገር ቤት መርዶ የሚነገረው ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ሰውን ብቻውን አያረዱትም። የልጇን ሞት ከቴሌግራም ያየች እናት ግን ማን ይደግፋታል? ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው።

ጡረተኛው ወታደር፦
በዚህ እስማማለሁ። ቤተሰብ ወዲያው ይወቅ። ቁጥር ማወጁ ግን ምን ለወጠ? በ2023 አዲስ ዓመት ሌሊት፣ ሩሲያ በያዘቻት የዩክሬን ከተማ ማኪይቭካ ላይ የተመታው የሩሲያ ወታደሮች ማደሪያ ትዝ ይላችኋል? ሚኒስቴሩ 89 ሞተዋል ብሎ ተናገረ። ብዙዎቹ ልጆች በመጡባት የሩሲያ ከተማ ሳማራ ሰዎች አደባባይ ወጥተው አበባ አስቀመጡ፣ አለቀሱ። ጦርነቱ ቀጠለ።

መምህርቷ፦
ሚኒስቴሩ ያኔ ጥፋቱን በማን ላይ ጣለ? ልጆቹ ሞባይል ስለተጠቀሙ ነው አለ። ቁጥሩ ባይነገር ኖሮ ግን ያን ሁሉ ልጅ አንድ ሕንፃ ውስጥ ማን አጎረ ብሎ የሚጠይቅም አይኖርም ነበር።
በጁን 2025 ደግሞ ሩሲያና ዩክሬን ኢስታንቡል ላይ ከተስማሙ በኋላ ከ6 ሺህ በላይ አስከሬን ለዩክሬን ተመለሰ። ማንነታቸው የሚለየው በዲኤንኤ ነው። ደብዛው የጠፋ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ስልክ ይጠብቃል። ለቅሶ አይቀመጡ፣ ተስፋ አይቆርጡ።

ጡረተኛው ወታደር፦
ስሙ ይመዝገብ፣ አስከሬኑ ይፈለግ፣ ቤተሰቡ ይረዳ። ድምሩ ግን ጦርነቱ ሲያልቅ ይነገር። ከዚህ አልወርድም።

መምህርቷ፦
መቼ ነው የሚያልቀው ጋሼ? ከ2022 ጀምሮ እየተዋጉ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የሚነገር ቁጥር ለታሪክ ጸሐፊ ይጠቅመው ይሆናል። ዛሬ ልጅህን ለግንባር አምጣ የሚባለው አባት ግን የሚያስፈልገው ዛሬ ነው።