የሬይ ብራድበሪ «ፋራናይት 451»፦ ማስጠንቀቂያው ስለ ሳንሱር ነው ወይስ ስለ ስክሪን?

ገጽ ገላጭ (ጠያቂ)

ሰላም ቤቶች። የመጽሐፍ ክበባችን ለሚቀጥለው ወር «ፋራናይት 451»ን መርጧል፤ ውይይቱን የምመራው እኔ ነኝ፤ ሁለት ሰዓት ተሰጥቶኛል። ሦስት ነገር ላይ እርዱኝ። ግማሹ አባል «መንግሥት መጽሐፍ ያቃጥላል፣ አለቀ» ይላል፤ ሌላው «ደራሲው ራሱ ስለ ቴሌቪዥን ነው ብሏል» ባይ ነው። የቱ ነው ልክ? ሁለተኛ፣ በቴሌግራም የሚዞረው ፒዲኤፍና አንድ አባል እጅ ያለው የ1970ዎቹ አሮጌ ቅጂ አንዳንድ ቦታ ቃላቸው አይገጥምም። ለምን? ሦስተኛ፣ መጽሐፉን ሳይጨርሱ ለሚመጡት (መቼም አይጠፉም) በአንድ ምሽት የሚያልቅ ምን ልስጣቸው?

የቀለም ቀንድ

ሁለቱም ወገን ደራሲውን ራሱን ምስክር አድርጎ መጥራት ይችላል፤ ክርክሩ የማያልቀው ለዚህ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው።) ብራድበሪ በ1956 ሬዲዮ ላይ ሲጠየቅ፣ በማካርቲ ዘመን (በሴናተር ማካርቲ ስም የሚጠራው፣ ሰው ኮሚኒስት ነህ ተብሎ የሚታደንበት ጊዜ) አሜሪካ ውስጥ መጽሐፍ ማቃጠል እንዳይመጣ ሰግቶ እንደጻፈው ተናግሯል። በ2007 ደግሞ ለአንድ የሎስ አንጀለስ ጋዜጣ፣ ጉዳዩ የመንግሥት ሳንሱር ሳይሆን ቴሌቪዥን የንባብ ፍላጎትን መግደሉ ነው አለ። ሰው በ51 ዓመት ውስጥ ሐሳቡን ቢያሸጋሽግ አይገርምም። ስለዚህ ቃለ ምልልሱን ለጊዜው አስቀምጡትና መጽሐፉን ግለጡ።

ቁልፉ ያለው በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ አካባቢ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሞንታግ፣ ሥራው መጽሐፍ ማቃጠል የሆነው የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ አሞኛል ብሎ አልጋ ላይ ሲውል አለቃው ካፒቴን ቢቲ ቤቱ ድረስ መጥቶ የሥራቸውን ታሪክ ይተርክለታል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ፎቶግራፍ፣ ፊልም፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መጡ፤ ተመልካቹ በዛ፤ ለሁሉም እንዲመች ሲባል ነገሩ ሁሉ ቀጠነ። ታላላቅ ድርሰቶች ለ15 ደቂቃ የሬዲዮ ፕሮግራም ተከረከሙ፣ ከዚያ በ2 ደቂቃ የሚነበብ ዓምድ ውስጥ ገቡ፣ በመጨረሻም 10 ወይም 12 መስመር የመዝገበ ቃላት ማጠቃለያ ሆነው ቀሩ። ቀጥሎ ማንም ቅር እንዳይለው ተብሎ የሚያከራክር ነገር ሁሉ ተለቅሞ ወጣ። የእሳት አደጋ ሠራተኛው አቃጣይ የሆነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ቤቶች እሳት የማይበላቸው ሆነው ሥራ ሲፈታ።

«ቢቲ ጠላት ነው፣ ምን ብለን እናምነዋለን?» የሚል አባል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ክፍል ላይ ሽማግሌውን ፕሮፌሰር ፌበርን አድምጡ፤ ከቢቲ በተቃራኒ የቆሙ ሰው ሆነው ሳለ እሳቸውም ሕዝቡ ማንበብ ያቆመው በገዛ ፈቃዱ ነው ይላሉ። ደራሲ አንድን ነገር በጠላትም በወዳጅም አፍ ካስነገረ፣ እኔ የመጽሐፉ አቋም ነው ብዬ እወስደዋለሁ።

እኛ «ኦሮማይ» ከገበያ የተለቀመበት፣ ደራሲው በዓሉ ግርማም ደብዛው የጠፋበት አገር አንባቢዎች ስለሆንን ዓይናችን ቶሎ ሳንሱሩ ላይ ያርፋል። ያ ንባብ ስህተት የለበትም፤ ግን የሚያየው የመጨረሻውን እርከን ብቻ ነው።

ሦስተኛ እትም

ቃሉ ያልገጠመው ቅጂው ራሱ ሳንሱር ተደርጎበት ነው፤ በዚህ መጽሐፍ ላይ መድረሱ ደግሞ ያስቃል። አሳታሚው ባላንታይን በ1967 ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለብቻው አንድ እትም አወጣ። ስድብና «ነውር» የተባሉ ቃላት ተነቅለው ወደ 75 ቦታዎች ተነክተዋል፤ የሰከረው ሰው የታመመ ሰው ሆኗል፣ እምብርት ማጽዳት ጆሮ ማጽዳት ሆኗል። ከ1973 እስከ 1979 ደግሞ የባላንታይን የወረቀት ሽፋን ቅጂ ይሄው የተነካካው ብቻ ነበር። ብራድበሪ በ1979 ሲነገረው ተቆጥቶ ዋናው እንዲመለስ አደረገ፤ በመጨረሻውም ስለዚሁ ነገር የጻፈው ማሳረጊያ ተጨመረበት።

ለማረጋገጥ፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ ሞንታግ ለሚስቱ ጓደኞች ግጥም ካነበበ በኋላ ሚስስ ቦውልስን የሚቆጣበትን ቦታ አውጡ። ያስወረደቻቸውን ፅንሶች በግልጽ ካነሳባት ሙሉው ነው፤ ቃሉ ከሌለ የተቆረጠው ነው። ፒዲኤፉን በመፈለጊያ ብቻ አትመኑት፤ ስካን የተደረገ ምስል ከሆነ ቃሉ እያለም «አልተገኘም» ይላችኋል። ገጹን በዓይን እዩ። ስትገዙም ከ1980 ወዲህ የታተመ ይሁን።

ርዕሱን የሚጠይቅም ስለሚኖር፦ 451 ፋራናይት 233 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ወረቀት ሁሉ ልክ በዚያ ሙቀት ይነዳል ማለት ግን አይደለም፤ ውፍረቱ፣ እርጥበቱና በሙቀቱ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ይለዋውጠዋል።

አዳር አንባቢ

ላልጨረሱት የራሱን የብራድበሪን «ዘ ፔደስትሪያን» (እግረኛው) ስጧቸው። የ1951 አጭር ልብ ወለድ ነው፤ ጮክ ብሎ ቢነበብ ከ10 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ዘመኑ 2053 ነው፤ ሊዮናርድ ሚድ ማታ ማታ በእግሩ ይንሸራሸራል፣ ሌላው ሁሉ ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ተተክሏል። ሦስት ሚሊዮን ሰው ባለበት ከተማ የቀረችው አንዲት የፖሊስ መኪና ታስቆመዋለች። ሥራውን ስትጠይቀው «ደራሲ» ይላል፤ እሷ «ሥራ የለውም» ብላ ትመዘግባለች። መኪናዋ ውስጥ ማንም የለም። አእምሮውን ሊመረምሩት ትወስደዋለች፤ ጥፋቱ በእግር መሄዱ ነው።

ወላጅ ለሆኑት «ዘ ቬልት» (1950) ይሻላል። 30,000 ዶላር የወጣበት፣ ምግብ የሚያበስልና ልጆች የሚያስተኛ ቤት አለ፤ የልጆቹ ክፍል 40 በ40 ጫማ፣ ከፍታው 30 ጫማ ነው፣ ግድግዳው ልጆቹ ያሰቡትን ሁሉ ያሳያል። ልጆቹ የሚያስቡት አንበሳ ነው። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

ገጽ ገላጭ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱን ሰዓት እንዴት ልከፋፍለው? ስለ ሕይወቱስ ምን ያህል ልበል?

የቀለም ቀንድ

ለሕይወቱ 15 ደቂቃ ይበቃል። በ1920 ዋኪጋን፣ ኢሊኖይ ተወለደ፤ በ1934 ቤተሰቡ ሎስ አንጀለስ ገባ፤ ኮሌጅ አልረገጠም፣ የተማረው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፈው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ፣ በፓውል ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት በሚከራይ የጽሕፈት መኪና ነው፤ 10 ሳንቲም ለግማሽ ሰዓት። 9 ቀን ፈጀበት፣ 9 ዶላር ከ80 ከፈለ። አስሉት፦ 98 ጊዜ 10 ሳንቲም፣ 49 ሰዓት፣ ወደ 25,000 ቃል። ያ ረቂቅ በ1951 መጽሔት ላይ ወጣ፤ አሳድጎት በ1953 መጽሐፍ ሆነ። «ቴክኖሎጂ ጠል ነበር» የሚል ካለ አርሙት። መኪና ነድቶ አያውቅም፣ ኢ-ቡክም እስከ 2011 አሻፈረኝ ብሏል፤ ለጠፈር ጉዞ ግን ነፍሱን ይሰጥ ነበር። ናሳ በ2012 ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ ማርስ ላይ ያረፈበትን ቦታ በስሙ ሰይሞታል።

ለቢቲ ንግግር 40 ደቂቃ ስጡ፤ አንድ ሰው እንደ ቢቲ፣ አንድ ሰው እንደ ሞንታግ ያንብብ። ከዚያ 40 ደቂቃ ለሞንታግ ሚስት ለሚልድሬድ ሳሎን። ሦስቱ ግድግዳ ስክሪን ነው፤ አራተኛውን ትፈልጋለች፣ ዋጋው 2,000 ዶላር፣ የባሏ የዓመት ደመወዝ ሲሶ። በ100 ዶላር የተገዛ ተቀጥላ ደግሞ አለ፤ አቅራቢው ላልታወቀ ተመልካች ሲናገር የእሷን ስም ያስገባላታል። ስለዚህ ለእሷ ብቻ የሚያወራ ይመስላታል። ከዚህ ዘመን ጋር ማወዳደር የሚያዋጣው ይህችኛዋ ላይ ነው። ሚልድሬድ ከጆሮዋ የማትነቅለውን ማዳመጫ ሁሉም ያነሳዋል፤ ለአምስት ደቂቃ ይጥማል፣ ከዚያ ወሬው ይነጥፋል።

የቀረውን 25 ደቂቃ መጨረሻ ላይ ሞንታግ ሸሽቶ ለሚታደንበት ክፍል። ሜካኒካል ሃውንዱ (ሰው የሚያድነው የማሽን ውሻ) ሞንታግን ያጣዋል፤ ግን አደኑ በቀጥታ ሥርጭት እየታየ ነው፣ ተመልካች ደግሞ ብዙ አይጠብቅም። ስለዚህ መንገድ ላይ የተገኘ ሌላ ሰው ካሜራ ፊት ይገደልና «ሞንታግ ሞቷል» ይባላል። አባላቱን የምትጠይቁት፦ ይህን የወሰነው መንግሥት ነው፣ ወይስ የፕሮግራሙ ሰዓት? ጥያቄውን ከንባቡ በፊት በወረቀት ጽፋችሁ አድሉ፤ አለበለዚያ ውይይቱ «የዘንድሮ ልጆች ስልክ አበዙ» ላይ ወርዶ እዚያው ያመሻል።