«ይቅር አሉት» ወይስ «አለፉለት»? ስለ ቤዝቦል ኮከቦችና ደጋፊዎቻቸው

ቃል ፈላጊ፦
ይህን ዐረፍተ ነገር አርሙልኝ። «የቤዝቦል ደጋፊዎች ዴቪድ ኦርቲዝን ይቅር ብለውታል፤ ባሪ ቦንድስን ግን እስካሁን ይቅር አላሉትም።» ሰዋስዉ እንከን የለውም፣ ግሡ ግን ይጎረብጣል። ሁለቱም ስማቸው ከአበረታች ቅመም ጋር የተነሣ ኮከቦች ናቸው፤ ኦርቲዝ የቦስተን፣ ቦንድስ የሳን ፍራንሲስኮ። ኦርቲዝ መቼ ጠይቆ ነው ይቅር የተባለው? «ማሩት»፣ «አለፉለት»፣ «ተዉት»፣ የቱ ይሻላል? የቦንድሱስ «ቂም ያዙበት» ነው ወይስ «ጥርስ ነከሱበት»? ጨዋታውን የምታውቁ ከነአብነቱ መልሱልኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አድርጉት።

ጋሽ ሰዋስው፦
ከጎረበጠህ ጆሮህ ደህና ነው። «ይቅር ማለት» ጠያቂ ይፈልጋል። በአገራችን ደንብ አጥፊው ሽማግሌ ልኮ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ እሱ «አጥፍቻለሁ» ሳይል ተበዳዩ «ይቅር ለእግዜር» አይልም። ኦርቲዝ እዚያ ደረጃ አልደረሰም። በ2003 የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ ቅጣት የሌለው፣ ስም የማይገለጽበት የአበረታች ቅመም ምርመራ አካሂዶ ነበር። በ2009 ኒው ዮርክ ታይምስ የኦርቲዝ ስም ከተገኘባቸው ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ጻፈ። እሱ ስቴሮይድ ወስጄ አላውቅም፣ ቫይታሚንና ማሟያ ስገዛ ግን ጥንቃቄ ጎድሎኝ ነበር አለ። ምን እንደተገኘበት በይፋ አልተነገረም፤ በ2016 የሊጉ የበላይ ኃላፊ፣ ኮሚሽነሩ ሮብ ማንፍሬድ ራሱ ከዚያ ዝርዝር አንዳንዱ ውጤት አከራካሪ እንደነበር ተናገረ። ጥፋቱ ካልታመነ ይቅርታው ከየት ይመጣል? ደጋፊው ያደረገው «ጆሮ ዳባ ልበስ» ነው።

ስለዚህ «አለፉለት» በል። «ለ»ን እንዳትጥላት ብቻ፤ «አለፉት» ካልክ በሩጫ ቀደሙት ይሆናል።

ለምን አለፉለት ካልክ ደግሞ፣ ሰውየው አንጀት መብላት ያውቅበታል። የቦስተን ማራቶን ቦምብ በፈነዳ በአምስተኛው ቀን፣ ኤፕሪል 20፣ 2013፣ በቦስተን ሜዳ በፌንዌይ ፓርክ ማይክ ይዞ «ይህች ከተማችን ናት» ሲል መሀሉ ላይ ነውር ቃል ጨመረ። ንግግሩ በቀጥታ እየተላለፈ ነበር፤ የሥርጭት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኃላፊ እንኳ ስድቡን አለፈለት። በዚያ ላይ 2004፣ 2007 እና 2013፣ ሦስት ዋንጫ አለ።

የቅዳሜ ኳስ፦
ጋሼ፣ በኦርቲዝ አልከራከርዎትም። የጠያቂው ዐረፍተ ነገር ግን ከግሡ በፊት ባለቤቱ ችግር አለበት። «ደጋፊዎች» ማለት የየትኛው ቡድን?

ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠቅሰው የጃንዋሪ 2022ን የዝና አዳራሽ (የታላላቅ ተጫዋቾች መታሰቢያ) ምርጫ ነው። ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ ነበሩ፤ ለመግባት 75 በመቶ ያስፈልጋል። ኦርቲዝ በመጀመሪያ ዓመቱ 77.9 አገኘ፣ ቦንድስ በ10ኛውና በመጨረሻው ዓመቱ 66 ላይ ቀረ። መራጮቹ ግን ነባር የቤዝቦል ጋዜጠኞች እንጂ ደጋፊዎች አይደሉም፤ ቦንድስ ደግሞ ለጋዜጠኛ ፊት በመንሣት የታወቀ ነበር። ኦርቲዝ ከእነሱው ጋር ይሳሳቅ ነበር። ይህን ከሒሳቡ ማውጣት አይቻልም ባይ ነኝ።

ሳን ፍራንሲስኮ ብትሄድ «ይቅር አላሉትም» የሚል ዐረፍተ ነገር አይሠራም። ኦገስት 7፣ 2007 እዚያው ሜዳ ላይ 756ኛውን ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳ የሚያስወጣ ምት) መትቶ የክብረ ወሰኑን ባለቤት ሃንክ አሮንን ሲቀድም ስታዲየሙ ሙሉ ቆሞ አጨበጨበለት፤ በ2018 ደግሞ 25 ቁጥሩን ማንም እንዳይለብሰው አደረጉለት። ከሜዳው ውጭ ሌላ ነበር፤ በ2006 መክፈቻ ሳን ዲዬጎ ላይ ከተመልካች መሀል የሕክምና መርፌ ተወረወረበት።

አሁን ሳን ዲዬጎን ልብ በሉ። በ2022 የራሳቸው ኮከብ ፈርናንዶ ታቲስ ክሎስቴቦል የሚባል ስቴሮይድ ተገኝቶበት 80 ጨዋታ ተቀጣ። ለጭርት ከወሰድኩት መድኃኒት የመጣ ነው አለ፤ ቀጥሎም ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ደጋፊውን ይቅርታ ጠየቀ። በ2023 ሲመለስ ቤቱ በጭብጨባ ተቀበለው፣ በየሄደበት ሜዳ ግን ፉጨትና ስድብ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ለዚህች ከተማ የተተረተ ይመስላል። ጨዋ አባባል ከፈለጋችሁ «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» አለ።

እትዬ ብራና፦
የራስ ሰው መሆን ብዙ ያስረዳል፣ ሁሉን ግን አያስረዳም። በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉትን አወዳድሩ። የኒው ዮርኩን ክለብ ያንኪስን ውሰዱ።

ዲሴምበር 13፣ 2007 በሊጉ ስላለው የአበረታች ቅመም የተጻፈው የሚቸል ሪፖርት ወጣ፤ አንዲ ፔቲትና ሮጀር ክሌመንስ፣ ሁለቱም የያንኪስ ፒቸሮች (ኳስ ወርዋሪዎች)፣ ስማቸው አለበት። ፔቲት በሁለተኛው ቀን አመነ። በ2002 ክርኑ ተጎድቶ ሳለ የእድገት ሆርሞን ተወግቻለሁ አለ። ሽማግሌዎች «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት ይኸው ነው። (ሙሉውን አልተናገረም ነበር፤ በ2004 የወሰደውን ያመነው በፌብሩዋሪ 2008 ነው። የሚገርመው ይህም አልከበደበትም።) በ2015 ክለቡ 46 ቁጥሩን አክብሮ ሰቀለለት። ክሌመንስ በፌብሩዋሪ 2008 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ምሎ ካደ፤ በሐሰት መሐላ ተከሰሰ፣ በ2012 ነፃ ተባለ። ፍርድ ቤት ነፃ ያለውን ሰው ደጋፊው ነፃ አላለውም። «በነፃ መለቀቅ»ና «ይቅር መባል» አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ሦስተኛው ጄሰን ጂያምቢ ነው። ፌብሩዋሪ 2005 መግለጫ ሰጥቶ ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ «ስቴሮይድ» የሚለውን ቃል ግን ከአፉ አላወጣም። ጋዜጠኞች «ለምኑ ነው ይቅርታው?» ቢሉትም መልስ የለም። ይህ በአማርኛ «ከአንገት በላይ» ነው ብትሉኝ አልስማማም። ከአንገት በላይ ማለት ልብ የሌለበት ነው፤ የጂያምቢ ልብ ነበረበት፣ የጎደለው ስሙ ነው። ሐፍረቱም ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። «ማድበስበስ» ይሻለዋል። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት በደንብ መምታት ሲጀምር ጩኸቱ ወደ ጭብጨባ ተለወጠ።

«ዓይኑን በጨው ያጠበ» የሚባለው ለራፋኤል ፓልሜሮ ይቀመጥ። ማርች 2005 ምክር ቤት ውስጥ ጣቱን ቀስሮ «በጭራሽ ወስጄ አላውቅም» አለ፤ ኦገስት 1 ስቴሮይድ ተገኝቶበት ታገደ። 3,020 ሂት (የተሳካ ምት) እና 569 ሆም ረን ይዞ በዝና አዳራሹ ምርጫ አራት ዓመት ብቻ ቆይቶ ከወረቀቱ ወጣ። መድኃኒቱ ሳይሆን ያቺ ጣት ናት የገደለችው።

ዕጣ ነፍስ፦
ስለ ቢል በክነርስ? 1986፣ በዋንጫው ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ፣ በ10ኛው ዙር ኳሷ በእግሮቹ መሀል ሾለከች፣ ቦስተን ተሸነፈ። እሱም ለ22 ዓመት አልተማረም ይባላል።

ጋሽ ሰዋስው፦
እሱ ሌላ መዝገብ ነው ልጄ። የበክነር «ስህተት» ነው፤ «ጥፋት» አይደለም፣ «በደል» ደግሞ ጨርሶ አይደለም። እጅ ያመልጠዋል እንጂ ሰው አይበድልም። ያች ኳስ ስትሾልክ ውጤቱ አስቀድሞ እኩል ሆኖ ነበር፤ ያስተካከለው ከፒቸሩ እጅ ያመለጠ ውርወራ ነው፣ የበክነርም አልነበረም። ሰባተኛ ጨዋታም ገና ይቀር ነበር። 2,715 ሂት የመታ ሰው በአንድ ኳስ ሲታወስ «አመድ አፋሽ» ይባላል። «22 ዓመት» የሚለውም ከቴሌቪዥን የመጣ ነው። በ2008 መክፈቻ ፌንዌይ ላይ የመጀመሪያዋን ኳስ ሲወረውር ስለተጨበጨበለት ነው፤ በ1990 ለቦስተን ሊጫወት ሲመለስም ተጨብጭቦለታል።

የቅዳሜ ኳስ፦
ወደ «ጥርስ መንከስ» እንመለስ፤ የሂዩስተን አስትሮስ ነገር ለዚህ ቃል የተሠራ ነው። በ2017 ከመሀል ሜዳ በስተጀርባ ያለ ካሜራ የተጋጣሚውን ካቸር (ኳስ ተቀባይ) የጣት ምልክት ይቀርጻል፤ ከተጫዋቾች መቀመጫ አጠገብ ባለ ስክሪን ላይ አንድ ሰው ይፈታውና የቆሻሻ በርሜል ይደበድባል። ድብደባ ከተሰማ የምትመጣው ቀስ ያለች ወይም የምትታጠፍ ኳስ ናት፣ ዝም ካለ ፈጣን። ኖቬምበር 2019 ነገሩ ወጣ። ክለቡ 5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፣ አሠልጣኙና ዋና ሥራ አስኪያጁ ለአንድ ዓመት ታገዱ፤ ተጫዋቾቹ ግን እውነቱን እንዲናገሩ ከቅጣት ነፃ ተደርገው ስለነበር አንድ ጨዋታ እንኳ አልታገዱም። የክለቡ ባለቤት በፌብሩዋሪ 2020 ይቅርታ እየጠየቀ «በጨዋታው ላይ ለውጥ አላመጣም» አለ።

ታቲስ 80 ጨዋታ ተቀጥቷል፤ ካሳ ከፍሏል ማለት ነው። እነዚህ አልካሱም። በዚያ ላይ 2020 በኮሮና ምክንያት ስታዲየሙ ባዶ ስለነበር ደጋፊው የሚጮህበት ቦታ አጣ። በ2021 በሮች ሲከፈቱ የአስትሮሱ ኮከብ ሆዜ አልቱቬ በየሄደበት ያ ሁሉ ጩኸት ጠበቀው፤ አንዳንዱ ተመልካች የቆሻሻ በርሜል ሳይቀር ይዞ መጣ። ቂም ይቋጠራል፣ ከውጭ ላይታይም ይችላል። ጥርስ የነከሰ ግን ቀን ይጠብቃል። የአልቱቬ «ጥርስ ውስጥ መግባት» ነው፤ የቦንድስ ግን፣ ሰውየው ጫማውን ከሰቀለ ወዲህ፣ ቂም ብቻ ነው የቀረው።

እትዬ ብራና፦
አንድ ቃል ልጨምር፣ «ጠገበ»። በኋላ ያንኪስ በገባው በአሌክስ ሮድሪገስ ላይ የወረደው ስድብ ግማሹ ከመድኃኒቱ በፊት ነው። በ2000 መጨረሻ የ10 ዓመት 252 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ በ2004 ከቦስተን ጋር በነበረው ወሳኝ ጨዋታ ኳሷን ከፒቸሩ ጓንት በእጁ መትቶ ጣላት። ሕዝቡ «ጥጋብ ነው» ብሎ ቀድሞ ፈርዶበታል፤ መድኃኒቱ ሲመጣ ማስረጃ ሆነ እንጂ አዲስ ነገር አልሆነም። የ2014ን ዓመት ሙሉ ታግዶ፣ የከሰሰውን ሊግ ክስ አንሥቶ፣ በእጁ ጽፎ ይቅርታ ጠይቆ ሲመለስ ግን በ2015 33 ሆም ረን መታ፣ ዛሬ በቴሌቪዥን ተንታኝ ነው። ለእሱ «ይቅር አሉት» ብትጽፍ ማንም አያርምህም።

ቃል ፈላጊ፦
እንግዲህ እንዲህ አስተካክያለሁ፦ «ብዙ ደጋፊዎች ለኦርቲዝ አለፉለት፤ ከሳን ፍራንሲስኮ ውጭ ያሉት ግን በቦንድስ ላይ ቂም ይዘዋል።» በቁማር ለታገደው ተጫዋች ለፒት ሮዝስ «ተማረ» ልበል? በሜይ 2025 ስሙ ከታገዱት ዝርዝር ወጥቷል።

ጋሽ ሰዋስው፦
የመጀመሪያው ተስተካክሏል። «ተማረ»ን ተው፤ በጽሑፍ ሲነበብ ፒት ሮዝ ትምህርት ቤት የገባ ይመስላል። ደግሞም ምሕረት አልተደረገለትም። በ1989 በቁማር ታገደ፣ 15 ዓመት ክዶ በ2004 አመነ፣ በሴፕቴምበር 2024 ሞተ። ኮሚሽነሩ የወሰነው የዕድሜ ልክ እገዳ ሰው ሲሞት ያበቃል ብሎ ነው። «እገዳው ተነሣለት» ጻፍ።