አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኤስኤስዲ ማስገባት ያዋጣል ወይስ ልጣለው?

የፒያሳዋ ጸሐፊ (ደሴ)፦
እንዴት ናችሁ? የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ነው የምሠራው። ላፕቶፔ ዴል ላቲቲውድ ኢ6420፣ ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 10 ነው። ወርድ ስከፍት ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ይላል፤ ደንበኛ ከፊቴ ቆሞ "አልደረሰም?" ሲለኝ ላብ ያጠምቀኛል። አንዱ ጥገና ቤት ራም ጨምሪበት አለኝ፣ ሌላው ጣይው አለኝ። ፓወር ግዕዙም (የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሙ) የደንበኛው ደብዳቤም እሱ ላይ ስለሆነ ፎርማት እንዲደረግ አልፈልግም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
አብሽሪ እህቴ፣ አይጣልም። ዲስኩ 100 እያለ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠ ጣጣው የሃርድ ዲስኩ ነው። ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህን ላይ እየተመላለሰ ነው የሚያነበው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ብዙ ጥቃቅን ፋይል በአንዴ ይጠራል። ሰኞ ባቲ ገበያ መሀል ሰው እንደ መፈለግ ነው። በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባው ኤስኤስዲ ግን ፋይሉን ቺፕ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለም። ስትገዢ "ባለ 2.5 ኢንች ሳታ" በይ (ሳታ የመሰኪያው ዓይነት ነው)፤ ኤም ዶት ቱ የምትባለዋ ጠባቧ ኤስኤስዲ እዚህ አትገባም። 240 ጊጋ ይበቃሻል። በፍላሽ ዋጋ 2 ቴራ ነው የሚልሽን እለፊው፣ የውሸት ነው።

ጦሳ፦
ራሙም ቢሆን 4 ጊጋ ዛሬ ያንሳል፤ ዓይነቱ ዲዲአር3 ነው፣ ወደ 8 ይደርሳል። ግን ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ኤስኤስዲው።

ሐይቅ ዳር፦
መግጠሙ ቀላል ነው። ቻርጀሩን ንቀይ፣ ባትሪውን አውጪ፣ ከሥር ያሉትን ሁለት ብሎኖች ፈትተሽ ሃርድ ዲስኩን በጎን ሳቢው። የፕላስቲክ ክዳኑን ፈትተሽ ኤስኤስዲው ላይ ግጠሚ።
ፎርማት እንዳይሆን ከመግጠምሽ በፊት ክሎን ታደርጊያለሽ፦ ኤስኤስዲውን በሳታ ወደ ዩኤስቢ ገመድ ሰክተሽ ሁሉንም ትገለብጫለሽ። ክሎን ማድረጊያው ፕሮግራም ክሎንዚላ ነፃ ነው፤ ግን ከ500 ወደ 240 ሲሆን እሺ አይልም፣ ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍልፋይ) አስቀድመሽ ማሳነስ አለብሽ። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ የሳታውን ሞድ እንዳትነኪ፣ ከተለወጠ ዊንዶውሱ ላይነሳ ይችላል።

ጦሳ፦
እኔ በክሎኑ አልስማማም። የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር የመንገደኛው ፍላሽ ሁሉ ሲሰካበት የሚውል ነው፤ ክሎን ስታደርጊ ቫይረሱም አብሮ ይሻገራል። ፋይሉን አውጥቶ ዊንዶውሱን በአዲስ መጫን ይሻላል። ደግሞ ለዊንዶውስ 10 ማይክሮሶፍት ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፣ ዊንዶውስ 11 ይህን ፕሮሰሰር አይቀበልም። የባንክ ነገር አትክፈቺበት።

ቦርከና፦
እውነቱን ነው፣ ግን የፓወር ግዕዙ መጫኛ በእጇ ከሌለስ? በድሮው የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚከፈተው። መጫኛው ካለሽ የጦሳን ምክር ስሚ፣ ከሌለሽ ቫይረሱን አጽድተሽ ክሎን አድርጊ።
ከሁሉ በፊት ግን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ጭነሽ የሃርድ ዲስኩን ጤና እዪ። ቢጫ ካሳየ ክሎኑ ይቆይ፣ ቶሎ ደብዳቤዎቹን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጪ።

የፒያሳዋ ጸሐፊ፦
አየሁት፣ ሰማያዊ ነው፣ ደህና ነው ማለት ነው፤ መጫኛውን ግን አላገኘሁትም። ባትሪዬ ሞቷል፣ ክሎኑ መሀል መብራት ቢሄድስ?

ሐይቅ ዳር፦
ከአሮጌው ያነባል እንጂ አይጽፍበትም፣ ፋይልሽ አይነካም፤ ክሎኑን እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ። ፓርቲሽኑን ስታሳንሺ ግን መብራት እንዳይሄድብሽ፣ ያኔ ነው ፋይል የሚበላሸው። የሰው ባትሪ ተዋሺ።