የራኒንግ ባክ የረጅም ጊዜ ዋጋ፦ ለሊጋችን ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ

ውድ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት የራኒንግ ባክን (በአሜሪካ እግር ኳስ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ተጫዋች) የረጅም ጊዜ ዋጋ የምንመዝንበትን መንገድ እዚህ ተወያይተን አንድ ረቂቅ ለጉባኤው እናቀርባለን። ሊጋችን በኤንኤፍኤል (በአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ) እውነተኛ ተጫዋቾች የምንጫወተው ምናባዊ ውድድር ነው፤ ነጥባችንም ተጫዋቾቹ በሜዳ ከሚያስመዘግቡት ይመጣል። የተነሣንበትን ችግር ታውቁታላችሁ። አንድ አባላችን ዋንጫውን በአንድ ዓመት ለማንሣት ሲል የቀጣዮቹን ሁለት ዓመታት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎቹን (አዲስ ተጫዋች ቀድሞ የመውሰድ መብቶቹን) ሰጥቶ ዕድሜያቸው የገፋ ራኒንግ ባኮችን ሰበሰበ። ተጫዋቾቹ ተጎዱ፤ እርሱም ሊጉን ለቀቀ። ወጣትም ምርጫም የሌለውን ቡድን የሚረከብ ሰው እስካሁን አላገኘንም።

ቡድን በየዓመቱ እንደ አዲስ በሚመረጥበት ጨዋታ እንዲህ ያለው ጉዳት ከዓመቱ ጋር ያልፋል። እኛ በምንጫወተው ዳይናስቲ ግን ተጫዋቾቻችን ከዓመት ዓመት ይዘልቃሉ፤ የአንዱ ችኮላ ለሌሎቻችንም ይተርፋል። ሐሳባችሁን በምሳሌ አስደግፋችሁ ጻፉ። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጥቀስ።

የሚኒሶታው አባል

እኔ የምደግፈው ቁርጥ ያለ ደንብ ነው፦ 26 ዓመት ያለፈው ራኒንግ ባክ በመጀመሪያ ዙር ምርጫ አይለወጥ። ቶድ ገርሊን አስታውሱ። በ2017 የዓመቱ ምርጥ የማጥቃት ተጫዋች ተባለ። በ2018 ክለቡ ራምስ 45 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ያለው ውል ፈረመለት፤ በዚያው ዓመትም 21 ተችዳውን (የአሜሪካ እግር ኳስ ጎል) አስቆጠረ። ጉልበቱ ግን ከድቶት ነበር። በመጋቢት 2020 ክለቡ አሰናበተው፤ በአትላንታ አንድ ዓመት ተጫውቶ ገና በ26 ዓመቱ ነገሩ አበቃ። በ2018 ማብቂያ ላይ በሁለትና በሦስት ምርጫ የገዛው ሰው ምን ቀረለት? አዲስ አባል ከእንዲህ ያለ ግዢ የሚጠበቀው በደንብ ነው።

የዴንቨሩ አባል

ወንድሜ፣ የገርሊ ታሪክ አይካድም። ነገር ግን ደንብህ በ2024 ሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ ከማን ይከለክለን እንደነበር ተመልከት። ሴኳን ባርክሊ በ27 ዓመቱ 2,005 ያርድ ሮጠ። ዴሪክ ሄንሪ በ30 ዓመቱ 1,921 ያርድ ሮጠ። ሁለቱም በዚያ ዓመት ክለብ ቀይረው ነበር። ባርክሊ በ2023 በጃየንትስ 962 ያርድ ላይ ቆሞ የነበረ ሰው ነው። ፊላደልፊያ ሲሄድ ከፊቱ መንገድ የሚከፍት ጠንካራ መስመር አገኘ፤ ኳርተርባኩ (የማጥቃቱ መሪ) ጄለን ኸርትስ ራሱ ሯጭ በመሆኑ ተከላካዮች ዓይናቸውን በሁለት ሰው ላይ ለመክፈል ተገደዱ። ሄንሪም ባልቲሞር ገብቶ ከሌላው ሯጭ ኳርተርባክ ከላማር ጃክሰን ጎን ሲቆም የሆነው ይኸው ነው።

ክርስቲያን መካፍሪ ግን በ28 ዓመቱ፣ በብዙ ምናባዊ ሊጎች ከሁሉ ቀድሞ በተመረጠበት በዚያው 2024፣ አራት ጨዋታ ብቻ ተሰልፎ ወጣ። ዕድሜ የሚነግረን የአደጋውን መጠን ነው። ዋጋውን ብቻውን አይነግረንም።

ጸሐፊ

ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት ነው፤ የማስታረቂያው መንገድም ያለ ይመስለኛል። ዕድሜን እንደ መከልከያ ሳይሆን የምንከፍልበትን ጊዜ መቁረጫ እናድርገው። 26 ዓመት ላለፈው ራኒንግ ባክ የሚሰጠው ዋጋ ከሁለት የውድድር ዘመን ምርት በላይ የሚጠብቅ መሆን የለበትም። ሄንሪን የገዛ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ዋጋውን ካልመለሰ፣ ሦስተኛውን ዓመት ተስፋ አድርጎ መክፈል አልነበረበትም። ከዚያ በላይ የሚገኘው ሁሉ ትርፍ ነው።

ለወጣቶቹም ይህ የጊዜ መስኮት በክለባቸው ውል ይታያል። በኤንኤፍኤል የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) በመጀመሪያ ዙር የተመረጠ ተጫዋች የአራት ዓመት ውል አለው፤ ክለቡ ከፈለገ አምስተኛ ዓመት ይጨምራል። በ2023 ስምንተኛ ሆኖ የተመረጠው ቢጃን ሮቢንሰን በዚህ ስሌት እስከ 2027 በአትላንታ እጅ ነው። በዚያ ላይ ከፍ ባለ ምርጫ የወሰደው ክለብ ኳሱን ሊሰጠው ይገደዳል፤ አሠልጣኙም ሥራ አስኪያጁም ስማቸውን አስይዘውበታልና። ይህ ከለላ የሌለው ተጫዋች በአንድ ቀን ይተካል። ጄምስ ሮቢንሰን በ2020 ሳይመረጥ ጃክሰንቪል ገብቶ 1,070 ያርድ ሮጠ። በሚያዝያ 2021 ድራፍት ክለቡ ሌላ ራኒንግ ባክ፣ ትራቪስ ኤቲየንን፣ በ25ኛ ምርጫ ወሰደ፤ የሮቢንሰን ዋጋም አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት ወደቀ። ያንን ምርት በሚያዝያው ድራፍት ዋዜማ በውድ የገዛ ሰው የሮጠውን ያርድ እንጂ የክለቡን ሐሳብ አላየም። እኔ ከሁሉ በላይ አዲስ አባላት እንዲማሩት የምፈልገው ይህን ነው።

ገንዘብ ያዥ

እኔ የምጨምረው በኳስ ቅበላ (የተወረወረ ኳስ በመያዝ) ላይ ነው። በሊጋችን አሥር ያርድ አንድ ነጥብ፣ አንድ ቅበላም አንድ ነጥብ ነው። መካፍሪ በ2019 116 ኳስ ተቀበለ። ያንን 116 ነጥብ በሩጫ ለማምጣት 1,160 ያርድ ያስፈልጋል፤ ይህም ለብዙዎቹ የሙሉ ዓመት ሥራ ነው። የሚቀበል ራኒንግ ባክ ቡድኑ ሲመራም ሲመራበትም ሜዳ ላይ ይቆያል። በመሬት ብቻ የሚሮጠው ግን ክለቡ ሁለት ተችዳውን ወደ ኋላ ሲቀር ተቀምጦ ይመለከታል። ደካማ ክለብ ውስጥ ያለ ሯጭ ስትመዝኑ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ።

አዲስ አባል

ለትምህርቱ አመሰግናለሁ። የእኔ ቡድን ዘንድሮ ለዋንጫ አይደርስም። በእጄ ያለው ራኒንግ ባክ ግን 27 ዓመቱ ነው፤ ባለፈው ዓመትም ከ1,000 ያርድ በላይ ሮጧል። ልሽጠው ወይስ ልያዘው?

የዴንቨሩ አባል

ሽጠው፤ ጊዜውን ግን ምረጥ። ዛሬ ብታቀርበው ሁሉም ዕድሜውን ይቆጥርብሃል። በጥቅምት፣ ለዋንጫ የሚሮጥ ቡድን ሯጩ ሲጎዳበት፣ ያ ባለቤት ዕድሜ አይቆጥርም።

ገዢም ብትሆን ጊዜው ለውጥ አለው። ዴማርኮ መሪ በ2014 በዳላስ 392 ጊዜ ኳስ ይዞ 1,845 ያርድ ሮጠ። በማግስቱ ዓመት በፊላደልፊያ 702 ላይ ሲወርድ ሁሉም አለቀለት አለ። በ2016 ቴነሲ ገብቶ 1,287 ያርድ ሮጠ። ከ2014 በኋላ የገዛውና ከ2015 በኋላ የገዛው የያዙት አንድ ሰው ነው፤ የከፈሉት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

የሚኒሶታው አባል

የሁለት ዓመቱን መስኮት ከተቀበላችሁ የ26 ዓመቱን ክልከላ እኔ አነሣለሁ። ነገር ግን ሰው ከሊጉ ሲወጣ ዕዳው በእኛ ላይ እንዳይቀር አንድ ማሰሪያ ያስፈልጋል።

ገንዘብ ያዥ

ማሰሪያው ገንዘብ ነው። የቀጣይ ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን አሳልፎ የሚሰጥ አባል የዚያን ዓመት መዋጮ ልውውጡ ከመጽደቁ በፊት ይክፈል። ሁለት ዓመት ከሰጠ ሁለት ዓመት ይክፈል። ቢለቅ እንኳ የተከፈለው መዋጮ ተተኪውን በነፃ ለማስገባት ይውላል።

ሰብሳቢ

በዚህ እስማማለሁ። የገንዘብ ያዥ እህታችን ሐሳብ ያለፈውን ችግር ከሥሩ ይነካዋል። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፦ ልውውጥ ዋጋው አልጣመንም ብለን እንዳንሰርዝ። መሰረዝ የሚገባው ሁለት አባላት ተመሳጥረው አንዱን ቡድን ለማበልጸግ ሲያደርጉት ብቻ ነው። መክፈል የፈለገ ሰው ይክፈል፤ ዋጋውንም ራሱ ይሸከም።

ጸሐፊ

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ጨምሬ ረቂቁን እንዲህ አስተካክያለሁ፦

«የመጀመሪያ ዙር ምርጫ በራኒንግ ባክ ሲለወጥ ገዢው በልውውጡ ማመልከቻ ላይ የተጫዋቹን ዕድሜ፣ የክለቡ ውል የሚያበቃበትን ዓመት፣ በስንተኛ ምርጫ እንደተወሰደና ባለፈው ዓመት የተቀበላቸውን ኳሶች ይጽፋል። ዕድሜው 26 ካለፈ ገዢው የሁለት ዓመቱን መስኮት ማንበቡን ያረጋግጣል። የሰጠው ምርጫ የቀጣይ ዓመታት ከሆነ የየዓመቱን መዋጮ አስቀድሞ ይከፍላል። ከምስጢራዊ ስምምነት በቀር ልውውጥ አይሰረዝም።»

ያልተቋጨ አንድ ጥያቄ አለ፦ የሁለተኛ ዙር ምርጫ የሚሰጥ አባልም አስቀድሞ ይክፈል ወይስ አይክፈል? ገንዘብ ያዥ ይክፈል ትላለች፤ እኔ የሊጉን ገበያ ያቀዘቅዘዋል ብዬ እሰጋለሁ። ሁለቱም አማራጮች በድምፅ መስጫው ላይ ይቀርባሉ። ድምፁ ከሚያዝያው የኤንኤፍኤል ድራፍት በፊት ይሰበሰባል፤ በግንቦት የራሳችንን የአዲስ ተጫዋቾች ድራፍት ስናደርግ ደንቡ ሥራ ላይ ይውላል።