ወንድሜ የወደቁ ሰው ሊያተርፍ ሞክሮ አልሆነለትም፤ እንዴት ላጽናናው?

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ
ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። ከሁለት ሳምንት በፊት መናኸሪያው በር ላይ አንድ አባት ድንገት ወደቁ። ትንፋሽ አልነበራቸውም። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ወስዶ ስለነበር፣ መኪና እስኪመጣ ደረታቸውን ሲጫን ቆየ። አልተረፉም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። «አጥንታቸው ሲሰበር ተሰምቶኛል፤ እኔ ነኝ የገደልኳቸው» ይላል። «አላህ ያለው ነው፣ እርሳው» ብለው ጭራሽ ዘጋኝ።

ነርስ፣ ከደሴ
እህቴ፣ እሱ ሲደርስ ልባቸው ቆሟል። አልገደላቸውም። ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ መጫን አለበት። በዚህ ኃይል የጎድን አጥንት ይሰበራል፣ በተለይ የሽማግሌ። እኛም ስንሠራው ይሰበራል። አምቡላንስ ቶሎ በሚደርስበት አገር እንኳ፣ ከሆስፒታል ውጭ ልቡ ከቆመ 10 ሰው አንዱ ቢተርፍ ነው። ሥልጠና ላይ የሚለማመዱት በአሻንጉሊት ነው። አሻንጉሊት አይሞትም። ይህን ቁጭ ብለሽ ንገሪው።

ከሐይቅ
እኔም ደርሶብኛል፣ ከውኃ የወጣ ልጅ ነበር። ሰው «ጀግና» ሲለኝ ይብስ አመመኝ። የረዳኝ አጎቴ ነው። ማታ ማታ ምንም ሳይጠይቅ አጠገቤ ይቀመጣል። በአራተኛው ቀን ራሴ ጀመርኩ። «ከዚያስ?» ብቻ ይለኝ ነበር። «እርሳው» አትበይው። አይረሳም።

እናት፣ ከወልድያ
ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ውሰጂው። አልቅሶ ይውጣለት። የሟች ቤተሰብም እኮ አባታችን መንገድ ላይ ብቻቸውን ሞቱ ብለው ይብሰለሰላሉ።

ነርሷ
እማማ ያሉት ደግ ነው፤ ግን እሱ ሲፈልግ ይሁን፣ ቤተሰቡንም አስቀድመሽ አንቺ አናግሪ። ጫት ካበዛ ተጠንቀቂ፣ ያለችውን እንቅልፍም ያጠፋበታል። ከወር በኋላም ቅዠቱና ጭንቀቱ ካልለቀቀው ወደ ሐኪም ውሰጂው። ሞትን የሚመኝ ቃል ከሰማሽ ግን ወር አትጠብቂ፣ ብቻውንም አትተዪው።

ጠያቂዋ
ትናንት ቡና አፍልቼ «ከዚያስ?» አልኩት። ከአቦል እስከ በረካ አወራ። ለካ የሰውዬውን ከዘራ መኪናው ጥሎት ሲሄድ አንሥቶ፣ ባጃጁ ውስጥ ሸሽጎት ኖሯል። ልጃቸውን በስልክ አገኘኋት። «ሰው አጠገባቸው ነበር?» ብላ አለቀሰች። እሁድ ከዘራውን ይዘን እንሄዳለን።