የጣና ፔሊካኖች ክላሲካል ናቸው ኦፐራንት? ለሐሙስ ገለጻ እርዱኝ

የሽምብጧ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ? ባሕር ዳር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የጋይዳንስ መምህራችን የሚመሩት የሳይኮሎጂ ክበብ አለን፤ ለሐሙስ ስለ መማር ንድፈ ሐሳቦች ገለጻ የማቅረብ ተራው የእኔ ነው። ወንድሜ ፍሬሽማን ሳለ የተማረበትን ሞጁል አንብቤ የፓቭሎቭን ውሻ (ከምግብ በፊት ደወል እየሰማ ቆይቶ በደወሉ ብቻ ምራቁ የሚመጣውን) ይዤ ልሄድ ስል፣ መምህሯ «ውሻውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከደጃፍሽ ያየሽውን አምጪ» አሉኝ።

እኔም ሐይቁ ዳር የማየውን መረጥኩ። አስጋሪዎቹ ታንኳቸውን አስጠግተው፣ ቢላዋ አውጥተው ቆሮሶውን ማጽዳት ሲጀምሩ ፔሊካኖቹ ከየት መጡ ሳይባል ከበው ይቆማሉ። የሚወረወርላቸውን ሆድ ዕቃ ይጠብቃሉ። «ቢላዋው እንደ ደወሉ፣ ሆድ ዕቃው እንደ ሥጋው፣ ስለዚህ ክላሲካል ኮንዲሽኒንግ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ወንድሜ አንብቦ ሳቀብኝ፤ ኦፐራንት ነው፣ ማለትም ከድርጊታቸው ውጤት የተማሩት ነው ይላል። ማናችን ነን ልክ? ሌላም አለኝ፦ ኔጋቲቭ ሪኢንፎርስመንት ቅጣት ማለት ነው አይደል? ሞጁሉን ሦስት ጊዜ አንብቤው ሦስት ጊዜ ሌላ ነገር መሰለኝ።

ባጃጅ ነጂው፦
ክላሲካል ነው እህቴ፣ ምን ያከራክራል። አየ፣ መጣ። እኔ ዓባይ ማዶ ነው የምኖረው፤ ውሻዬ ማታ የእኔን ባጃጅ ድምፅ ከመቶ ባጃጅ ለይቶ በር ላይ ይጠብቀኛል፣ ፍርፋሪ ይዤለት ስለምገባ። ኔጋቲቩም እንዳልሽው ቅጣት ነው። ትራፊክ ሲቀጣኝ ኔጋቲቭ፣ ተሳፋሪ ዕቃውን ሳወርድለት ጉርሻ ሲሰጠኝ ፖዘቲቭ።

ፍሬሽማን ተራፊ፦
ወንድሜ፣ በዚች መልስ እኔ ሚድ ላይ ወድቄባታለሁና ልጅቷን አታስወድቃት። ሪኢንፎርስመንት ከተባለ ድርጊቱ ይጨምራል፣ ቅጣት ከተባለ ይቀንሳል፤ በቃ። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ደግሞ ጥሩና መጥፎ ማለት ሳይሆን እንደ ሒሳቡ መደመርና መቀነስ ናቸው። የመጣ ነገር አለ ወይስ የተነሣ?

አጎበርን አስቢ። ስትዘረጊው የትንኝ ንክሻ ይቀርልሻል፤ ስለቀረልሽ ነገም ትዘረጊዋለሽ። የማይመች ነገር ተነሣ፣ ድርጊቱ ጨመረ፦ ኔጋቲቭ ሪኢንፎርስመንት። የትራፊኩ ግን እውነትም ቅጣት ነው፤ ከኪስ ገንዘብ ስለሚያነሣ ኔጋቲቭ ፐኒሽመንት ይባላል።

እኔ የገባኝ በእናቴ ጭቅጭቅ ነው። ሳህኑን እስካጥብ ትጨቀጭቀኛለች፣ ካጠብኩ ዝም ትላለች። የማጥበው ለዝምታዋ ስል ነው። እሷም ስትጨቀጭቅ ሳህን ስለሚታጠብላት ጭቅጭቁን አትተወውም። ማን ማንን እንዳሠለጠነ እንግዲህ እናንተ ፍረዱ።

ስለ ፔሊካኑ ወንድምሽ ልክ ይመስለኛል፤ ለምን ብትዪኝ ግን አላስረዳሽም።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ይህንኑ ትምህርት መምህራን ኮሌጅ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ጥያቄሽ እኔ ካወጣኋቸው ብዙ ፈተናዎች ይሻላል። አንቺም ወንድምሽም አንድ ቦታ ላይ ነው የተሳሳታችሁት። «ፔሊካኑ ክላሲካል ነው ኦፐራንት?» አይባልም። «የትኛው ምላሹ?» ነው የሚባለው።

ፓቭሎቭ መነሻው ሳይኮሎጂ አልነበረም። የሰውነት አሠራር ተመራማሪ ነበር፤ በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የለካው ምራቅ ነው። ምራቅ ደግሞ ውሻው ወዶ የሚያደርገው ነገር አይደለም። ደወል ደወል ይባላል እንጂ ብዙ ጊዜ የተጠቀመበት ሜትሮኖም ነበር፣ የሙዚቃ ተማሪዎች ምት የሚጠብቁበት መሣሪያ። ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ውሻው ምራቁ መጣም ቀረም ምግቡ ይሰጠዋል። ምግቡ የሚከተለው ምልክቱን ነው፣ የውሻውን ድርጊት አይደለም።

ክላሲካል የሚባለው ይህ ነው። ኦፐራንትን ያጠናው ስኪነር ጋ ስትሄጂ ነገሩ ይገለበጣል። አይጧ ዘንጉን ካልተጫነች ምግብ የለም። ከእሱ አስቀድሞ ቶርንዳይክ በ1898 ድመቶችን ሳጥን ውስጥ ዘግቶ፣ መክፈቻውን በሙከራና በስሕተት አግኝተው ሲወጡ ጊዜያቸውን ይለካ ነበር፤ ሲደጋግሙት እያጠረ ሄደ። ደስ የሚያሰኝ ውጤት ያመጣ ድርጊት ይደገማል የሚለው ሕግ የመጣው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ሐይቁ ተመለሺ። ቢላዋው ሲወጣ በፔሊካኑ ሰውነት ውስጥ ለመብል የሚዘጋጅ ነገር ካለ፣ እሱ ክላሲካል ነው። አንቺ ግን ያየሽው መምጣቱን ነው። ዋኝቶ የመጣ ይበላል፣ የቀረ ይቀርበታል። ስለዚህ መምጣቱ ኦፐራንት ነው፤ ቢላዋውም «አሁን ብትመጣ ያዋጣሃል» የሚል ምልክት ነው፣ ዲስክሪሚናቲቭ ስቲሙለስ ይሉታል። የባጃጅ ነጂው ውሻም እንደዚሁ ነው፦ ምራቁ የፓቭሎቭ፣ በር ላይ መቆሙ የስኪነር።

ባለ ጀልባው፦
እኔ ትምህርቱን አላውቀውም፣ ወፎቹን ግን በየቀኑ ነው የማያቸው። ጎብኚ ጭኖ ወደ ዘጌ የሚሄደውን የሞተር ጀልባ ዞር ብለው አያዩትም። መረብ የያዘች ታንኳ ስትመጣ ግን ገና ዳር ሳትደርስ ይነቃነቃሉ። ደግሞ ሁልጊዜ እንዳይመስልሽ የሚወረወርላቸው፤ አንዳንድ ቀን ዓሣው ሳይጸዳ እንዳለ ይሸጣል፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይያዝም። ባዶ እጃችንን ስንመለስም ይመጣሉ፣ ተስፋ አይቆርጡም። አንድ ሽማግሌ አስጋሪ ግን ነበሩ፣ አንድ ቀን ሳያጓድሉ የሚወረውሩላቸው። እሳቸው ታመው ሲቀሩ ቦታቸው በጥቂት ቀን ውስጥ ወፍ አልባ ሆነ። ይሄ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። ለጋሱን ቶሎ ረሱት።

ጡረተኛው መምህር፦
አላውቀውም እያሉ ምዕራፉን ጨረሱልን! ልጄ፣ የእሳቸውን ቃል ጻፊው። ቱሪስት ጀልባውንና ባለ መረቡን መለየታቸው ዲስክሪሚኔሽን ነው። የሽማግሌው ቦታ ቶሎ መተዉ ደግሞ መክሰም ነው፣ ኤክስቲንክሽን። ሁልጊዜ የሚገኝ ነገር ሲቋረጥ መቋረጡ ወዲያው ይታወቃል። አንዳንዴ ብቻ የሚገኝ ነገር ሲቋረጥ ግን «ዛሬም እንደ ትናንቱ ቀርቶ ይሆናል» ያሰኛል፤ ድርጊቱ ቶሎ አይከስምም። ለጋሱን ረሱት አይባልም፣ የተማሩት ሌላ ነው።

ስኪነር ከፈርስተር ጋር በ1957 እነዚህን የአሰጣጥ መርሐ ግብሮች በዝርዝር አሳትሟል። ሬሾ የሚባለው በድርጊት ቁጥር፣ ኢንተርቫል የሚባለው በጊዜ የሚወሰነው ነው። ከከተማችን ምሳሌ ብትፈልጊ፦ ሊስትሮው በጠረገው ጫማ ልክ ይከፈለዋል፣ ቋሚ ሬሾ። መንጠቆ የጣለ ሰው ስንት ጊዜ ጥሎ እንደሚይዝ አያውቅም፣ ተለዋዋጭ ሬሾ፤ የውርርድ ቤቶቹ ወጣቱን ይዘው የሚያስቀሩት በዚሁ ነው። ውኃ መጥቶ እንደሆነ እያልሽ ቧንቧውን የምትከፍቺው ደግሞ ተለዋዋጭ ኢንተርቫል ነው፦ ስለከፈትሽው አይመጣም፣ ከመጣ በኋላ ግን ሳትከፍቺው አታገኚውም። ፔሊካኑን ከእነዚህ መርሐ ግብሮች በአንዱ አስገድደሽ አትክተቺ፣ ልክ አይገባም።

የሽምብጧ፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ባለ ጀልባውም ያክብሩልኝ። እንዲህ ብዬ አስተካከልኩት፦ «የፔሊካኑ መምጣት ኦፐራንት ነው፣ ምክንያቱም ካልመጣ አይበላም።» ግን አሁን ለክላሲካል ምሳሌ አጣሁ። አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ይሆን እንደሆነ ንገሩኝ። ባለፈው ሰኔ ማንጎ በልቼ ማታ ወባ ተነሣብኝና ሌሊቱን ሲያስመልሰኝ አደረ። ማንጎው ምንም እንዳላደረገኝ አውቃለሁ፣ ሐኪሙም ደሜን አይቶ ወባ ነው ብሎኛል። እስከ ዛሬ ግን ሽታው ብቻ ያቅለሸልሸኛል። ገበያ ላይ ሳልፍ አፍንጫዬን ይዤ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ከዚህ የተሻለ የለም። ማቅለሽለሹን አንቺ አላደረግሽውም፣ መጣብሽ። ወባው ያልተማርሽው ቀስቃሽ፣ ማንጎው የተማርሽው ቀስቃሽ፣ የዛሬው ማቅለሽለሽ የተማርሽው ምላሽ። ከፓቭሎቭ ውሻ የሚለይበትንም ጨምሪ፦ ውሻው ብዙ ድግግሞሽ ያስፈልገው ነበር፣ በምልክቱና በምግቡ መካከልም ሰከንዶች ብቻ። አንቺን አንድ ጊዜ በቃሽ፣ ያውም ከሰዓታት በኋላ። ጋርሺያና ኮሊንግ በ1966 አይጦች ላይ እንዳሳዩት ሕመም ከጣዕም ጋር በቀላሉ ይጣመራል፣ ከድምፅና ከብርሃን ጋር ግን አይጣመርም፤ የኤሌክትሪክ ንዝረት ደግሞ በተቃራኒው። ለዚህ ነው ማንጎውን እንጂ የተኛሽበትን ክፍል ያልጠላሽው።

ፍሬሽማን ተራፊ፦
ሐሙስ ስንት ደቂቃ ነው የተሰጠሽ? ዐሥር ከሆነ ሌላውን በማየት መማርን ያጠናውን ባንዱራንና የኮለርን ቺምፓንዚዎች ተዪያቸው። ማንጎውና ፔሊካኑ ይበቃሉ።

የሽምብጧ፦
ዐሥራ አምስት። እሺ፣ ተውኳቸው። ወንድሜ ግን አሁንም «ብያለሁ» እያለ ነው።

ባጃጅ ነጂው፦
ቆይ፣ እኔስ ጉርሻው ላይ ልክ ነበርኩ አይደል?

ጡረተኛው መምህር፦
ይወሰናል። ጉርሻ ከተሰጠህ በኋላ የሰው ዕቃ ማውረድ አብዝተሃል?

ባጃጅ ነጂው፦
እውነቱን ልናገር? አይ።

ጡረተኛው መምህር፦
እንግዲያው ጉርሻው ስጦታ ነበር። ድርጊቱን ካልጨመረ ሪኢንፎርስመንት አይባልም።