ሪሞቱ ጠፍቷል፣ ራውተሩ ተቀይሯል፦ ቲቪውን በስልክ ለመያዝ ከየት ይጀመራል?

ናሁ_21፦

ሰላም ለሁላችሁም። የቲቪው ሲስተም አንድሮይድ ቲቪ ነው፤ ዋናው ሪሞት ጠፍቷል። ስልኬ ኢንፍራሬድ (እንደ ተራ ሪሞት በማይታይ ብርሃን ትእዛዝ መላኪያ) ስለሌለው ያለው መንገድ ዋይፋይ ብቻ ነው። ራውተሩ ደግሞ በቅርቡ ተቀይሯል። ቲቪው የሚያውቀው የድሮውን ዋይፋይ ስምና ፓስወርድ ነው፤ አዲሱን ለማስገባት ሪሞት ያስፈልጋል፤ ስልኩን ሪሞት ለማድረግ ደግሞ ቲቪው መጀመሪያ ዋይፋይ ላይ መግባት አለበት። ቲቪው ከታች አንድ ቁልፍ ብቻ አለው፤ ያበራል፣ ያጠፋል፣ ሜኑ ውስጥ ግን አያስገባም። «ለሁሉም ቲቪ የሚሆን ሪሞት» የሚሉ ሦስት አፖች ጭኜ ነበር፤ ቁልፋቸው ሲነካ ስልኩ ቫይብሬት ያደርጋል እንጂ ቲቪው ንቅንቅ አይልም።

ይህን ዙሪያ ጥምጥም በምን መስበር ይቻላል? ደግሞስ ከቲቪው ጋር የተሰካውን የዲሽ ሪሲቨር በስልክ ማዘዝ ይቻላል?

ገመድአልባ፦

መጀመሪያ እነዚያን ሦስት አፖች አጥፋቸው። አብዛኞቹ የተሠሩት ኢንፍራሬድ ላለው ስልክ ነው። ኢንፍራሬድ የሚላከው ስልኩ አናት ላይ ከተቀመጠች ትንሽ አምፖል ነው፤ አምፖሏ ከሌለች የትኛውም አፕ ሊፈጥራት አይችልም። ብዙዎቹ ይህን ሳይነግሩህ ማስታወቂያ ያሳዩሃል፣ የቁልፉ ንዝረትም የሠራ ያስመስለዋል።

ወደ ዋናው ስንመጣ፣ ከቀላሉ ጀምር።

ቲቪው ጀርባ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ካለ ነገሩ ያኔውኑ አለቀ። ከራውተሩ ወደ ቲቪው ገመድ ሰካ፤ አንድሮይድ ቲቪ ገመድ ሲያገኝ ምንም ሳይጠይቅ በእሱ ይገባል። ስልኩ የዚያው ራውተር ዋይፋይ ላይ ይሁን። ጉግል ቲቪ የሚባለውን አፕ ክፈትና የሪሞት ምልክቱን ንካ፤ የቲቪው ስም ይመጣል። ስትነካው ቲቪው ስክሪን ላይ 6 ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ ይወጣል፣ እሱን ስልኩ ላይ ጻፍ። ከዚያ በኋላ ስልኩ የቲቪው የታወቀ ሪሞት ነው። አይፎን ላይም አፑ ያው ነው።

የገመድ መሰኪያ ከሌለ የዩኤስቢ ማውስ ሰካበት። ቀስቷ ስክሪኑ ላይ ትመጣለች፤ የግራው ቁልፍ ይመርጣል፣ የቀኙ ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ ይመልሳል። ኪቦርድም ይሆናል፦ ቀስቶቹ ያንቀሳቅሳሉ፣ ኢንተር ይመርጣል፣ ኢስኬፕ ይመልሳል። ገመድ አልባ ማውስ ከሆነ የራሷ ትንሽ ዩኤስቢ መቀበያ ያላት ትሁን። የብሉቱዝ ማውስ አይረዳህም፤ እሱን ለማገናኘት ራሱ ሜኑ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

ሁለቱም ከሌሉ ቲቪው ወደ አዲሱ ራውተር እስኪመጣ አትጠብቅ፣ ራውተሩን ወደ ቲቪው አምጣው። አዲሱ ራውተር ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ የድሮውን አድርገው። ቲቪው የሚያውቀውን ስም ሲያይ ራሱ ይገባል። ሌሎች የድሮውን ዋይፋይ የሚያውቁ ዕቃዎችም ካሉ አብረው ይመለሳሉ፤ እኔ ብሆን ራውተር በተቀየረ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው ይህንኑ ነው።

ትራንዚስተር፦

ገመድአልባ ያለው ትክክል ነው። የራውተሩ ሴቲንግ ለማይከፈትለት ሰው ደግሞ ያንኑ ነገር በሆትስፖት መሥራት ይቻላል። ሁለት ስልክ ይፈልጋል፦ አንዱ ሆትስፖት ይሆናል፣ ሌላው ሪሞት። በአንድ ስልክ መሞከር ይቻላል፣ ግን ብዙ አፖች ስልኩ ራሱ ሆትስፖት ሲሆን «ዋይፋይ ላይ አይደለህም» ብለው ቲቪውን አይፈልጉም።

የሆትስፖቱን ስም ልክ እንደ ድሮው ዋይፋይ ጻፈው። ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያል፣ መጨረሻ ላይ የቀረች ባዶ ቦታም ትቆጠራለች። የደኅንነት ዓይነቱን ደብሊውፒኤ2 አድርገው፤ ደብሊውፒኤ3 ብቻ ከሆነ በድሮው ዓይነት ያስቀመጠ ቲቪ አይገባም። የሞገድ ባንዱን 2.4 ጊጋኸርዝ አድርግ፤ አንዳንድ ስልክ ሆትስፖቱን በ5 ጊጋኸርዝ ይከፍታል፣ 5 የማይቀበል ቲቪ ደግሞ ስሙን ጭራሽ አያየውም። አይፎን ላይ ሆትስፖት ገጹ ውስጥ ተኳኋኝነትን ከፍ የሚያደርገው ማብሪያ ነው ወደ 2.4 የሚያወርደው። የአይፎን ሆትስፖት ስም የስልኩ ስም ስለሆነ የሚቀየረው ጄኔራል፣ ከዚያ አባውት ውስጥ ነው። የድሮው ስም ውስጥ የእንግሊዝኛ ነጠላ ጥቅስ ካለ ተጠንቀቅ፦ አይፎን ቀጥ ያለውን ወደ ተጠማዘዘ ሊለውጠው ይችላል፤ ለዓይን አንድ ነው፣ ለቲቪው ግን ሌላ ስም ነው።

የድሮውን ፓስወርድ ከረሳህ ድሮ እዚያ ይገባ የነበረ ስልክ ይነግርሃል። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ የተቀመጡ ዋይፋዮች ዝርዝር ውስጥ ስሙን ነክተህ «ሼር» ስትል ኪውአር ይወጣል፤ በብዙ ስልክ ላይ ፓስወርዱ ከኪውአሩ ስር ይጻፋል። አይፎን ከአይኦኤስ 16 ወዲህ ዋይፋይ ገጹ ላይ «ኤዲት» ሲባል የድሮዎቹን ያሳያል።

ቲቪው ሆትስፖቱ ላይ ከገባ በኋላ ሁለተኛውን ስልክ በዚያው ሆትስፖት አስገባ፣ ኮዱን ጻፍ፣ ከዚያ በቲቪው ሴቲንግ ኔትወርክ ውስጥ አዲሱን ዋይፋይ ምረጥ። ፓስወርዱን በስልኩ ኪቦርድ መጻፍ ትችላለህ። «ኮኔክት» ባልክ ቅጽበት አፑ «ግንኙነት ተቋርጧል» ይላል። ይህ ብልሽት አይደለም፦ ቲቪው ሆትስፖቱን ትቶ ሄዷል፣ ስልኩ ግን እዚያው ነው። ስልኩንም ወደ አዲሱ ዋይፋይ አዛውረው፤ ኮዱ አንድ ጊዜ ስለተሰጠ ድጋሚ ላይጠይቅ ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አልሠራም ብሎ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ቲቪው ሆትስፖት ላይ እንዳለ አትተወው። ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር አፖቹን ማዘመን ይጀምርና የስልኩን ዳታ ይጨርሰዋል።

ስለ ኢንፍራሬድም ላክል፣ ሌላ ሰው ይህን ሊያነብ ይችላልና። ሻዎሚ፣ ሬድሚና ፖኮ ስልኮች አብዛኞቹ አላቸው። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ4፣ ኤስ5 እና ኤስ6 ነበራቸው፣ በ2016 ከኤስ7 ጀምሮ ቀርቷል። አይፎን ኖሮት አያውቅም። ለማረጋገጥ ስልኩ አናት ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ በሌላ ስልክ የፊት ካሜራ እያየህ ቁልፍ ተጫን፤ ነጣ ያለ ሐምራዊ ብልጭታ ካየህ ትሠራለች። የኋላ ካሜራ ብዙ ጊዜ ኢንፍራሬድን የሚያጣራ መስታወት ስላለው አያሳይህ ይሆናል። አፑ የቲቪውን ዓይነት ሲጠይቅህ በማብሪያ ቁልፍ ብቻ አትፍረድ፤ ብዙ የኮድ ስብስቦች አንድ ዓይነት የማብሪያ ኮድ አላቸው፣ ሌላው ግን ይለያያል። ድምፅ፣ ሚዩትና ወደ ኋላ መመለሻ መሥራታቸውን ሳታይ «ሴቭ» አትበል።

በጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሚሰካ ትንሽ ኢንፍራሬድም አለ። ውስጡ ሁለት አምፖሎች ተገለባብጠው በግራና በቀኝ ድምፅ መካከል ይገናኛሉ፤ አፑ 19 ኪሎኸርዝ ድምፅ ይልካል፣ አምፖሎቹ በየተራ ሲበሩ ቲቪው የሚጠብቀው 38 ኪሎኸርዝ ይሆናል። ድምፁን እስከ መጨረሻው ካልከፈትከው አይሠራም፣ ከፍተኸውም አቅሙ ደካማ ነው። ኢኳላይዘር ወይም ሌላ የድምፅ ማሳመሪያ ከበራ ኮዱ ይበላሻል።

ቀይ_ነጥብ፦

የዋይፋይ ሪሞት ከተገናኘ በኋላ የሚመጡ ሁለት ችግሮች አሉ፤ አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል።

አንደኛው «ያጠፋል እንጂ አያበራም» የሚባለው ነው። ቲቪው ሲጠፋ ዋይፋዩንም ከዘጋ ትእዛዙን የሚሰማ የለም። መፍትሔው ቲቪው ውስጥ ነው፦ ሳምሰንግ ላይ በኔትወርክ ኤክስፐርት ሴቲንግ ውስጥ በሞባይል ማብራት የሚለው፣ ኤልጂ ላይ በዋይፋይ ማብራት የሚለው፣ ሶኒ ላይ ሪሞት ስታርት፣ ሮኩ ላይ ፋስት ቲቪ ስታርት። ሲበራ ቲቪው ተኝቶም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይበላል። ከሶኬት ከተነቀለ ወይም መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ ግን አንዳንዱ አይነቃም፤ ያኔ ከታች ያለውን ቁልፍ መጫን ነው።

ሁለተኛው አፑ ቲቪውን አለማግኘቱ ነው። ሁለቱም «አንድ ዋይፋይ ላይ ናቸው» ማለት ሁልጊዜ ይተያያሉ ማለት አይደለም። ራውተሩ ላይ የእንግዳ ኔትወርክ ወይም ኤፒ አይሶሌሽን የሚባለው ከበራ ሁለቱም ኢንተርኔት ያገኛሉ፣ እርስ በርስ ግን አይተያዩም። አንዱ በ2.4 ሌላው በ5 መሆኑ ብቻውን ችግር አይደለም። ስልኩ ላይ ቪፒኤን ከበራ አጥፋው። አይፎን ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ ለእያንዳንዱ አፕ የሎካል ኔትወርክ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አንዴ «አይ» ከተባለ አፑ ምክንያቱን ሳይናገር ባዶ ዝርዝር ያሳያል። ፈቃዱ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ስር ይገኛል። ራውተሩ ላይ ፋየርዎል ለሚያበጅ፣ የአንድሮይድ ቲቪ ሪሞት የሚነጋገረው በቲሲፒ ፖርት 6466 እና 6467 ነው፤ ቲቪውን የሚፈልገው በዩዲፒ ፖርት 5353።

ስለ ሪሲቨሩ፦ አብዛኛው የዲሽ ሪሲቨር የሚሰማው ኢንፍራሬድ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ያለህ ስልክ በቀጥታ አያዘውም። ሲስተሙ ኢኒግማ2 (በሊኑክስ ላይ የተሠራ የሪሲቨር ሶፍትዌር) ከሆነና ኔትወርክ ላይ ካለ ግን አፕም አያስፈልግም፤ ኦፕንዌብኢፍ የሚባለው ከተጫነበት የሪሲቨሩን አይፒ አድራሻ ብራውዘር ላይ ስትጽፍ ሪሞቱ በምስል ይመጣልሃል። ያ ካልሆነ በዋይፋይ ተቀብሎ በኢንፍራሬድ የሚልክ ሃብ ይገዛል። ሲገጠም በብዛት 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ሪሲቨሩ ፊት ለፊት በሚታይ ቦታም መቀመጥ አለበት። የሪሲቨርህ ሞዴል ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ሃብ ከዋናው ሪሞት ኮዱን ይማራል፤ የሪሲቨሩ ሪሞት ሳይጠፋ አስተምረው።

ናሁ_21፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የገመድ መሰኪያ የለውም፤ የራውተሩን ስምና ፓስወርድ ወደ ድሮው መለስኩት፣ ቲቪው ገባ፣ ኮዱም ወጣ። አንድ ነገር ቀረ፦ በስልኩ ድምፅ ስጨምር ስክሪኑ ላይ መስመሩ ይሄዳል፣ ሳውንድባሩ (ከቲቪው ጋር የተያያዘው የውጭ ስፒከር) ግን ትእዛዙን አይሰማም። የተገናኘው በኦፕቲካል ገመድ ነው።

ገመድአልባ፦

ኦፕቲካል ድምፅ ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ ትእዛዝ አይሄድበትም። ሳውንድባሩ ኤአርሲ (የቲቪውን ድምፅ ወደ ሳውንድባር የሚመልስ) የተጻፈበት ኤችዲኤምአይ ካለው በእሱ ቀይረውና ቲቪው ላይ ሲኢሲን (በኤችዲኤምአይ ገመድ ትእዛዝ የሚያሳልፈውን) አብራ። ስሙ እንደ ኩባንያው ይለያያል፦ ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ ይሉታል። ገመዱ ቲቪው ላይም ኤአርሲ የተጻፈበት ቀዳዳ ውስጥ ይግባ፣ ሌላው ቀዳዳ ድምፅ አይመልስም። ከዚያ የድምፅ ማውጫውን ከቲቪ ስፒከር ወደ ውጭ ሲስተም ቀይር፤ የስልኩ ድምፅ ቁልፍ ሳውንድባሩን ያዛል።

ሪሲቨሩም ሲኢሲ የሚቀበል ከሆነ የስልኩ ቀስቶችና የመምረጫ ቁልፍ ወደ እሱ ያልፋሉ። የቻናል ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ስለማያልፍ ለእሱ ቀይ_ነጥብ የጠቀሰው ሃብ ይሻላል።